ጉሉኮስ የተሰቀለለትን ቡችላ ሌሊቱን የሚጠብቅ የእንስሳት ጤና ረዳት እንዴት ይሠለጥናል?

ውሻና ድመት የሚያክሙ የሙያ ባልደረቦቼ የሚያነሡልኝ ጥያቄ አነጋገሩ ቢለያይም በመሠረቱ አንድ ነው። ረዳቶቻቸው ትጉሃን ናቸው፤ መርፌም በደንብ ይወጋሉ። ነገር ግን በፓርቮ፣ ማለትም ቡችሎችን በማስመለስና በተቅማጥ በሚያደርቅ ተላላፊ የቫይረስ በሽታ፣ የታመመ ቡችላ ክሊኒኩ ውስጥ ተኝቶ ሲታከም ሌሊቱን ለረዳቱ አደራ ሰጥተው ወደ ቤታቸው ለመሄድ ይፈራሉ፤ ስለዚህም «ምን ላስተምረው? ከየትስ ልጀምር?» ይሉኛል። ይህ መመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ተጻፈ።

በሀገራችን የእንስሳት ጤና ረዳቶች ሥልጠና በአብዛኛው በዳልጋ ከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በጋማ ከብት ላይ ያተኮረ ነው። እንስሳን ሳያስደነግጡ መያዝና የበሽታ ምልክት ማስተዋል ከዚያ የሚገኝ ትልቅ ሀብት ስለሆነ ሥልጠናውን ከባዶ እንደሚጀምሩ አያስቡ። መለወጥ ያለበት የመጠን ስሜት ነው። 300 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ያለ ልክ ብትወስድ ምንም ላይደርስባት ይችላል፤ ያው ግማሽ ሊትር 3 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ቡችላ በጥድፊያ ቢሰጥ ግን ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ሊሞት ይችላል።

ፓርቮን የማሠልጠኛ ምሳሌ ያደረግሁት በአንድ ሕመምተኛ ላይ የከፍተኛ ነርሲንግ ሥራ ሁሉ ስለሚገናኝበት ነው፤ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ማስገባት፣ ፈሳሽ ማስላት፣ ሙቀትና የደም ስኳር መጠበቅ፣ ማብላት፣ ተላላፊ በሽታን ማገድ። ይህን በሚገባ የተማረ ረዳት በመኪና የተገጨን ውሻ ወይም ከቀዶ ሕክምና የወጣችን ድመት ለመጠበቅ ብዙ አይቸገርም። በሽታውን መለየት፣ መድኃኒቱንና መጠኑን ማዘዝ፣ የፈሳሹን ዓይነት መምረጥ ግን የሐኪሙ ኃላፊነት ሆኖ ይቀጥላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ 22 እና ባለ 24 ጌጅ ካኑላ (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ካኑላው ይቀጥናል)፤ ሰማያዊው 22፣ ቢጫው 24 ነው። ለትልልቅ ውሾች ሮዙን ባለ 20 ይጨምሩ።
- ሪንገር ላክቴትና ኖርማል ሳላይን የሚባሉት በደም ሥር የሚሰጡ ጨው ያላቸው ፈሳሾች።
- አይቪ ሴት የሚባለው የፈሳሽ ማስገቢያ ቱቦ፤ ቢቻል በ1 ሚሊ ሊትር 60 ጠብታ የሚያወርደው የሕፃናት ዓይነት።
- በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ እንዲሁም እንስሳውን የሚመዝን ሚዛን።
- ቴርሞሜትር፣ የልብ ማዳመጫ፣ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት።
- ግሉኮሜትር (የደም ስኳር መለኪያ) እና ጊዜው ያላለፈበት የመለኪያ ወረቀት።
- ክሎርሄክሲዲን ወይም የአዮዲን ሳሙና፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ የፀጉር መላጫ።
- ጓንት፣ ጋውን፣ ቦቲ ጫማ፣ በረኪና፣ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን)።
- የአፍ ማሰሪያና የአንገት መከለያ።
- የሕፃን ዳይፐር ወይም ፈሳሽ የሚመጥ ምንጣፍ፤ ጥቅሙን በ6ኛው ደረጃ ያገኙታል።
- ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ሁለቱም እጆች ነፃ መሆን አለባቸው።
- የክትትል ቅጽና እስክሪብቶ።

1ኛ ደረጃ፦ ሠልጣኙን አስቀድመው ይጠብቁ

ማንኛውም ሠልጣኝ ታማሚ ውሻ ከመንካቱ በፊት የእብድ ውሻ በሽታን መከላከያ ክትባት መውሰድ አለበት። በኢትዮጵያ ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በዋናነት በውሻ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ክትባቱ የማይታወቅ፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩን የሚያዝረከርክ፣ መንጋጋው የወደቀ ወይም መዋጥ ያቃተው ቡችላ ከመጣ ረዳቱ «ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰክቶ ይሆናል» ብሎ አፉን በእጁ እንዳይከፍት አጥብቀው ያስተምሩት፤ እንስሳውን ለብቻው ዘግቶ ሐኪሙን ይጥራ። ንክሻ፣ ጭረት ወይም ለሃጭ የነካው ቁስል ካለ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ቡችላ ትንሽና የሚያሳዝን መሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋልና ይህን ደጋግመው ይናገሩ።

2ኛ ደረጃ፦ የመለያ ክፍሉን አሠራር ያስተምሩ

የፓርቮ ቫይረስ በአካባቢ ላይ ለወራት ይቆያል፤ አልኮልና ብዙዎቹ የተለመዱ የወለል ማጽጃዎች አይገድሉትም። በረኪና ይገድለዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን ቆሻሻው አስቀድሞ ከታጠበ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሰገራና ደም የበረኪናውን ኃይል ያደክሙታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሰገራውን ማንሣት፣ በሳሙና ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያም 5 በመቶ ጥንካሬ ያለውን በረኪና 1 እጁን በ30 እጅ ውኃ በጥብጦ ማፍሰስና ቢያንስ ለ10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ መተው። ለ10 ሊትር ውኃ 330 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። የበረኪናውን ጥንካሬ ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ፤ ብጥብጡን በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፤ ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል።

ቴርሞሜትሩ፣ ማዳመጫው፣ ጋውኑና ጫማው ከዚያ ክፍል አይወጡም። አንድ ረዳት ብቻውን ከሆነ አስቀድሞ ጤነኞቹንና በሌላ ሕመም የተኙትን ይይ፤ ወደ ፓርቮው ክፍል የሚገባው በመጨረሻ ነው። በጣም የተለመደው ስህተት ጓንት አጥልቆ ቡችላውን ከነኩ በኋላ በዚያው ጓንት የበሩን እጀታ፣ ስልክንና እስክሪብቶን መንካት ነው። ይህን ለማሳየት ሠልጣኙ ያጠለቀውን ጓንት በዱቄት ነክረው የተለመደ ሥራውን እንዲሠራ ያድርጉት፤ ዱቄቱ የት የት እንደደረሰ ራሱ ሲያይ ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ይማራል።

3ኛ ደረጃ፦ ጤነኛውን እንስሳ ደጋግሞ ማስለካት

ካኑላ ለማስተማር አይቸኩሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ለመለካት ይስጡት። ሠልጣኙ ቢያንስ 20 ጤነኛ ውሾችና 10 ድመቶች ላይ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የድድ ቀለምና ድዱ ተጭኖ ሲለቀቅ ደም የሚመለስበትን ጊዜ ለክቶ ይጻፍ። ጤነኛን በእጁ ያላወቀ ሰው የታመመውን ከመጽሐፍ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

የውሻ ሙቀት በአብዛኛው ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የዐዋቂ ውሻ ልብ በደቂቃ ከ70 እስከ 160 ጊዜ ይመታል፤ የቡችላ ከዚህ ይበልጣል። ያረፈ ውሻ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ጤነኛ ድድ ሮዝና እርጥብ ነው፤ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። ትንፋሽ የሚቆጠረው እንስሳው ሳይነካ፣ ቆጣሪው እንስሳው ከተኛበት ሣጥን ውጭ ቆሞ መሆን አለበት፤ አስቀድሞ የተያዘ እንስሳ ስለሚደነግጥ ቁጥሩ ያሳስታል። ቴርሞሜትሩ በቫዝሊን ተቀብቶ በቀስታ ይገባል፤ ፓርቮ የያዘው ቡችላ የአንጀቱ መውጫ የቆሰለ ስለሆነ መግፋት ያደማዋል።

4ኛ ደረጃ፦ ድርቀትን በዓይንና በእጅ መገመት

ፈሳሽ የሚሰላው ከድርቀቱ መጠን በመነሣት ስለሆነ ግምቱ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ይሳሳታል። መጠኑ የሚነገረው ከሰውነት ክብደት በመቶኛ ነው፤ ከ5 በመቶ በታች የሆነ ድርቀት በምርመራ አይታይም። ከ6 እስከ 8 በመቶ ሲደርስ የተቆነጠጠ ቆዳ ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገያል፣ ድዱም ይደርቃል። ከ10 እስከ 12 በመቶ ላይ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ይቆማል፣ ዓይን ይጎደጉዳል፣ የድዱ ቀለም ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ የእግር ጫፍ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ያለፈው ሞት አፋፍ ላይ ነው።

ቆዳ ብቻውን ያታልላል። የከሳ እንስሳ ሳይደርቅ እንደደረቀ ይመስላል፤ የወፈረው ደርቆም ያልደረቀ ይመስላል። ስለዚህ ሠልጣኙ ቆዳን፣ ድድንና ዓይንን አንድ ላይ አይቶ ግምቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ እርስዎም የራስዎን ለብቻ ይጻፉ፤ ከዚያ አስተያዩ። ልዩነታችሁ ከ2 በመቶ እስኪያንስ ድረስ ይህን ልምምድ አያቋርጡ።

5ኛ ደረጃ፦ ካኑላ ማስገባት

ከከብት ሥራ የመጡ ረዳቶች እጃቸው የለመደው የአንገትን ትልቅ ደም ሥር ነው። በቡችላ የምንጠቀመው በፊት እግር ፊት ለፊት የሚሄደውን ቀጭን ደም ሥር ስለሆነ እጅ እንደ አዲስ መልመድ ይኖርበታል። በሕያው እንስሳ ከመጀመር ይልቅ ፎጣ ጠቅልለው ቀይ ውኃ የተሞላ የአይቪ ቱቦ ከላይ ይዘርጉ፤ በጓንት ላስቲክ ይሸፍኑትና በእርሱ ላይ ያለማምዱ። 10 ጊዜ በተከታታይ ያለ ስህተት ሲያስገባ በሐኪም እጅ አጠገብ ወደ ሕያው እንስሳ ይሸጋገር።

ሀ. እጅ ይታጠባል፤ ጓንት ይደረጋል፤ የእግሩ ፀጉር በዙሪያው ይላጫል። ከዚያም በክሎርሄክሲዲን ወይም በአዮዲን ሳሙና ከመሐል ወደ ውጭ እየዞሩ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይታጠባል፤ በአልኮል ይጠረጋል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል። የፓርቮ ቡችላ ነጭ የደም ሴሎቹ ስለሚያልቁ በካኑላው በኩል የሚገባ ጀርም ከራሱ ከበሽታው ባልተናነሰ ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ ይህን ደረጃ ማሳጠር አይፈቀድም።

ለ. ያዡ የቡችላውን ክርን ከኋላ ወደፊት ይደግፋል፤ በአውራ ጣቱ ደም ሥሩን ተጭኖ በትንሹ ወደ ውጭ ያዞረዋል።

ሐ. የመርፌው አፍ ወደ ላይ ሆኖ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ዘንበል ይገባል። መጀመሪያ የሚሞከረው ወደ መዳፉ ቀረብ ካለው ቦታ ነው፤ ያ ቢበላሽ ከፍ ብሎ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ከላይ ተጀምሮ ከተበላሸ ግን የታችኛውም አብሮ ይጠፋል።

መ. ደም በካኑላው ውስጥ ሲታይ መርፌው ዝቅ ይደረግና ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይገፋል፤ ከዚያ ፕላስቲኩ ብቻ ይንሸራተታል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደሙን እንዳየ ፕላስቲኩን ይገፋል፤ የመርፌው ጫፍ ገብቶ ፕላስቲኩ ግን ገና ደም ሥሩ ውስጥ ስላልገባ ቆዳው ሥር ይታጠፋል።

ሠ. በ2 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይታጠባል፤ እብጠት ካልታየ በፕላስተር ይታሰራል። የመጀመሪያው ፕላስተር በካኑላው አንገት ላይ ተጣብቆ ይዞራል፤ ፋሻው ከላይ ይከተላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፕላስቲኩ የወጣ መርፌ ተመልሶ እንዳይገባ። መርፌው ፕላስቲኩን ሊቆርጠው፣ ቁራጩም በደም ተወስዶ ልብና ሳንባ ሊደርስ ይችላል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልተሳካለት ረዳት ለሌላ ሰው ይልቀቅ፤ በድርቀት የተጣበቁ ደም ሥሮችን አንድ በአንድ ማበላሸት በኋላ ለሐኪሙም መውጫ ያሳጣል።

ከዚያ በኋላ በየ4 ሰዓቱ የእግሩ ጣቶች ይታያሉ። ጣቶቹ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ፋሻው ጠብቋል፤ ከካኑላው በላይ ካበጠ ፈሳሹ ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ ነው። ፋሻው በቀን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ቦታው ይመረመራል፤ ቀልቶ፣ ሞቆ ወይም መግል ይዞ ከተገኘ ካኑላው ይወጣል።

6ኛ ደረጃ፦ ፈሳሹን ማስላትና ማስተካከል

ሕዝባችን ከማንጠልጠያ የሚወርደውን ሁሉ «ጉሉኮስ» ይለዋል፤ በንግግር ችግር የለውም፤ በሥራ ላይ ግን ረዳቱ የከረጢቱን ጽሑፍ ሳያነብ እንዳይሰቅል ያስገድዱት። 5 በመቶ ዴክስትሮስ (የስኳር ፈሳሽ) ስኳሩ በሰውነት ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው ተራ ውኃ ስለሆነ የደም ሥርን አይሞላም፤ የድርቀት መተኪያም አይደለም። ለፓርቮ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ሪንገር ላክቴት ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ያስተምሩ። ቡችላው 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ድርቀቱ 8 በመቶ ተብሎ ተገምቷል፤ ሐኪሙ ጉድለቱ በ24 ሰዓት እንዲተካ አዝዟል።

የጎደለው፦ 5 ሲባዛ በ8 ሲባዛ በ10 ይሆናል 400 ሚሊ ሊትር (በ10 የሚባዛው የኪሎ ግራሙን በመቶኛ ወደ ሚሊ ሊትር ለመለወጥ ነው)።
የዕለት ፍላጎቱ፦ በኪሎ ግራም 60 ሚሊ ሊትር ቢታዘዝ 300 ሚሊ ሊትር።
ድምር፦ 700 ሚሊ ሊትር፤ ለ24 ሲካፈል በሰዓት 29 ሚሊ ሊትር ገደማ።

በ1 ሚሊ ሊትር 60 ጠብታ በሚያወርደው ቱቦ በሰዓት የታዘዘው ሚሊ ሊትርና በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ 29 ጠብታ በደቂቃ ይሆናል። ባለ 20 ጠብታው ቱቦ ከሆነ 29 በ20 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 10 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ሁለቱን ማምታታት መጠኑን በሦስት እጥፍ ያበዛል ወይም በሦስት እጥፍ ያሳንሳል፤ የጠብታው ልክ ከቱቦው መጠቅለያ ላይ ሳይነበብ አይሰላም።

ከዚህ ስሌት ውጭ የሚቀረው በማስመለስና በተቅማጥ እየወጣ ያለው ነው፤ በፓርቮ ሕክምና አዘውትሮ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። «ብዙ አስመለሰ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ዳይፐሩ ደረቅ ሆኖ ይመዘናል፤ ከቆሸሸ በኋላ እንደገና ይመዘናል፤ የ1 ግራም ልዩነት 1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 30 ግራም የነበረው 90 ግራም ከሆነ 60 ሚሊ ሊትር ወጥቷል ማለት ነው። ሐኪሙ በ4 ሰዓት እንዲተካ ካዘዘ በሰዓት 15 ሚሊ ሊትር ይጨመራል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 44 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሠልጣኙ ዓይኑን እንዲያምን ሳይሆን እንዲፈትን፣ የተለካ ቀለም ያለው ውኃ ዳይፐር ላይ አፍስሰው መጀመሪያ ያስገምቱት፣ ከዚያ ያስመዝኑት። ከልምዴ እንዳየሁት ጀማሪዎች በአብዛኛው ከእውነተኛው መጠን በታች ይገምታሉ።

ቡችላውን ራሱን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ይመዝኑ። ከላይ ባለው ምሳሌ የጎደለው 400 ሚሊ ሊትር ከተተካ በማግሥቱ 5.4 ኪሎ ግራም ገደማ መሆን አለበት። አሁንም 5 ከሆነ የሚወጣው ከሚገባው አላነሰም። ከሚጠበቀው በላይ ከጨመረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከአፍንጫው ቀጭን ፈሳሽ ከወረደ ወይም ከተቁነጠነጠ ፈሳሽ በዝቶበታል፤ ረዳቱ ጠብታውን አቁሞ ወዲያውኑ ይደውል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፖታሲየም የተጨመረበት ከረጢት በትልቅ ቀይ ጽሑፍ ይለጠፍበት፤ በምንም ምክንያት በፍጥነት አይለቀቅ። ፖታሲየም በፍጥነት ከገባ ልብን ያቆማል። ለድንጋጤ (የደም ዝውውር ሲወድቅ ለሚመጣው ሾክ) በጥድፊያ የሚሰጥ ፈሳሽ ከታዘዘ ከሌላ፣ ምንም ካልተጨመረበት ከረጢት ይሰጣል።

7ኛ ደረጃ፦ የክትትል ቅጹን ማስጻፍ

ከዓመታት በፊት አንድ ሌሊት ቡችላው እግሩን አጥፎ ስለተኛ ጠብታው ለ3 ሰዓት ያህል ቆሞ አደረ። በቅጹ ላይ በየሰዓቱ የተጻፈው «ደህና ነው» የሚል ነበር። ረዳቱ አልዋሸም፤ ቡችላው ተኝቶ ስላየው ደህና መሰለው። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ምን እንደሚለካ ሳልነግረው ነው ቅጹን የሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነው» የሚለው ቃል በክትትል ቅጻችን ላይ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ቁጥርና የታየ ነገር ነው።

በየሰዓቱ፦ በከረጢቱ የቀረው መጠንና ጠብታው። ከረጢቱ ላይ ፕላስተር በቁመት ለጥፈው በየትኛው ሰዓት የት መድረስ እንዳለበት ያስምሩበት፤ ረዳቱ ሳያሰላ በአንድ ዓይን እይታ ያውቃል።
በየ2 ሰዓቱ፦ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ድድ፣ ንቃት።
በየ4 ሰዓቱ፦ ሙቀት፣ ካኑላ፣ የተመዘነ ዳይፐር፣ ሽንት። በቂ ፈሳሽ ያገኘ ቡችላ በሰዓት በኪሎ ግራም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ይሸናል።

ስለ ሰዓት አጻጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። በሀገራችን አቆጣጠርና በውጭው አቆጣጠር መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፤ «8:00» ተብሎ የተጻፈ የመድኃኒት ሰዓት አንዱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ሊያነበው ይችላል። ክሊኒኩ አንዱን አቆጣጠር ይምረጥ፤ በቅጹ አናት ላይ ይጻፈው፤ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ» የሚለው ቃልም ፈጽሞ አይቀር።

ሐኪሙ የሚጠራበት ወሰን በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እኔ ለፓርቮ ቡችላ የምጠቀምበት ይህ ነው፦ ሙቀት ከ37.5 በታች ወይም ከ40 በላይ፤ በእረፍት ላይ ትንፋሽ በደቂቃ ከ40 በላይ፤ የልብ ምት ተኝቶ እያለ ከ180 በላይ ወይም ከ70 በታች፤ ድድ የነጣ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ፤ ቀለሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ የወሰደ፤ ለ6 ሰዓት ሽንት የሌለ፤ መንቀጥቀጥ፤ ሲጠሩት ራሱን የማያነሣ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከታየ ይደወላል፤ «ትንሽ ልጠብቅ» አይባልም። ረዳቱ ያለ ፍርሃት እንዲደውል በከንቱ ለተደወለ ስልክ አይቆጡ፤ አንድ ጊዜ የተገሠጸ ረዳት በሚያስፈልግበት ሌሊት ዝም ይላል።

8ኛ ደረጃ፦ ሙቀትና የደም ስኳር

የአዲስ አበባም ሆነ የሌላ ደጋ ከተማ ሌሊት ለታመመ ቡችላ ብርድ ነው። ሙቅ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ቆዳውን በቀጥታ አይንካ፤ መነሣት ያልቻለ እንስሳ ሸሽቶ ሊያመልጥ ስለማይችል ይቃጠላል። በድንጋጤ ላይ ያለውን ቡችላ ፈሳሽ ሳይጀመርለት በኃይል ማሞቅም የቆዳውን ደም ሥሮች ከፍቶ የደም ግፊቱን የበለጠ ይጥለዋል።

ትናንሽ ቡችሎች የስኳር ክምችት ስለሌላቸው ካልበሉ ቶሎ ይወድቃሉ። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይለካ፤ ከ60 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ይደወል። ለሰው የተሠራ ግሉኮሜትር በውሻ ደም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ ቁጥሩ ከእንስሳው ሁኔታ ጋር ተያይዞ ይታያል። ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ ንቃት ላለው ቡችላ ጥቂት ማር ድዱ ላይ መቀባት ይቻላል። እንደ 40 በመቶ ያለው ጠንካራ ዴክስትሮስ ሳይበጠበጥ በቀጭን ደም ሥር ከገባ ደም ሥሩን ያቃጥላል፤ የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝና ተበጥብጦ ብቻ ነው።

9ኛ ደረጃ፦ ማብላት

ማስመለሱ እስኪቆም ለቀናት ማስራብ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ የሚመከረው ማስመለሱ በመድኃኒት እንደቀነሰ በጥቂቱ መጀመር ነው፤ የአንጀቱ ሽፋን የሚጠገነው በውስጡ ከሚያልፈው ምግብ ጭምር ነውና። የ5 ኪሎ ግራም ውሻ በዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያስፈልገው የምግብ ኃይል 30 በ5 ተባዝቶ 70 ሲደመር፣ ማለትም 220 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ይህም የተቀቀለ የዶሮ ሥጋና ሩዝ ተቀላቅሎ 150 ግራም ያህል ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሩቡ ወይም ሢሶው ብቻ፣ ለ5 ወይም ለ6 ጊዜ ተከፍሎ፣ ለብ ብሎ ይሰጣል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬና ወተት አይገቡበትም፤ ይህን ከቤት ምግብ ለሚያመጡ ባለቤቶችም ይንገሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ እያስመለሰ ላለ ወይም ለደከመ ቡችላ በሲሪንጅ አፉ ውስጥ ምግብ አይገፋ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ያስይዘዋል።

10ኛ ደረጃ፦ ርክክብና የመጨረሻው ፈተና

ርክክብ በሣጥኑ ፊት ቆሞ ቅጹን በእጅ ይዞ ይፈጸማል። ወጪው ተረኛ ክብደቱን፣ የጠብታውን ፍጥነት፣ ከረጢቱ ውስጥ የተጨመረውን፣ ቀጣዩን መድኃኒትና ሰዓቱን፣ የመጨረሻውን ማስመለስና ሽንት ይናገራል፤ ገቢው ተረኛ ጠብታውን ራሱ ቆጥሮ ይረከባል። ባለቤቱ ቤት ውስጥ የሰጠው የሰው መድኃኒት ካለም እዚሁ ይነገራል፤ ዲክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ የወሰደ ውሻ ጨጓራውና ኩላሊቱ ሊጎዳ ስለሚችል የደም ማስመለሱ ምክንያት ፓርቮ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ፈተናው ሦስት ሌሊት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት እርስዎ ይሠራሉ፣ እርሱ ይጽፋል። በሁለተኛው እርሱ ይሠራል፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ዝም ይላሉ። በሦስተኛው እርስዎ በሌላ ክፍል ይሆናሉ፤ ሳይነግሩት አንድ ጊዜ የቱቦውን መቆጣጠሪያ ይዝጉና በስንት ደቂቃ እንዳወቀው ይመዝግቡ። በዚህ ፈተና ጊዜ ቡችላው በአስጊ ሁኔታ ላይ ያለ መሆን የለበትም፤ መዝጊያውም ከ15 ደቂቃ በላይ አይቆይ። በተጨማሪ ሦስት የተለያየ ክብደት ያላቸው ቡችሎችን ስሌት በወረቀት ይስጡት፤ ሦስቱንም በሁለቱም ዓይነት ቱቦ በትክክል ካሰላ፣ የመደወያውን ወሰን ሳያይ ከተናገረና የተዘጋውን ጠብታ በራሱ ካገኘ ስሙን በተረኞች ዝርዝር ላይ ይጻፉ። አንዱ ከጎደለ ያንኑ ክፍል ብቻ ደግመው ያስተምሩት፤ እስከዚያው ሌሊቱን ከሌላ ሰው ጋር ያድራል።